ውስጠ ወይራ የፖለቲካ ቃላት፦ ከ«ፈላሲ» እስከ «ጸጉረ ልውጥ»

ተራው አድማጭ ምንም ሳይጠረጥር የሚያልፈውን፣ ለታለመለት ወገን ግን የጥላቻ ጥሪ ሆኖ የሚደርሰውን የፖለቲካ ቃል፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ውሻ ብቻ በሚሰማው ፉጨት ይመስሉታል። ዘይቤውን እንዳለ «የውሻ ፉጨት» ብለን ብንመልሰው ባማርኛ አይያዝም፤ እኛ ዘንድ ውሻ በፉጨት ሲጠራ ሰውም ይሰማልና። «አሽሙር» የሚለውም አይተካውም፤ አሽሙር የሚነገረው ተነካሹ ራሱ ሰምቶ እንዲቆጨው ነው። የቅኔ መምህራን «ውስጠ ወይራ» የሚሉት ግን፣ ላዩ ለስላሳ፣ ውስጡ ጠንካራ በመሆኑ ይቀርበዋል። የተሻለ ስያሜ እስኪገኝ በዚሁ እንጠቀማለን።

በአውሮፓ የዚህ ዐይነቱ አነጋገር የታወቀው ዒላማ አይሁድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 በሶቭየት ኅብረት በቲያትር ሐያስያን ላይ የተከፈተው ዘመቻ «ሥር የለሽ ኮስሞፖሊታን» የሚል ስድብ አነገሠ፤ ማን ማለት እንደ ሆነ ግን ከተወገዙት ሰዎች ስም ዝርዝር አንባቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። «ሥር የለሽ» የሚለውን ቃል በተለይ ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ የኛም ታሪክ የሚያመራን ወደዚያው ነውና።

በግእዝ ጽሑፎቻችን «አይሁድ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የሃይማኖት ስም አልነበረም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ዜና መዋዕል የሰሜን፣ የወገራ፣ የጸለምትና የጸገዴ ዐመፀኞች፣ ቀድሞ ክርስቲያን የነበሩ፣ ኋላ ግን ክርስቶስን እንደ ሰቀሉት አይሁድ የካዱ ተብለው ተጽፈዋል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ዘመን ደግሞ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት፣ ክርስቲያኖች ሆነው ሳሉ፣ «አይሁድ» እና «ጸረ ማርያም» ተባሉ። የቃሉ እማሬ ሕዝብ ነው፤ ፍካሬው ግን «ለዙፋኑ ያልታዘዘ» ማለት ሆኗል። መዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ብቻ መዝግቦ ሁለተኛውን ቢተው፣ የዜና መዋዕሉ አንባቢ በየገጹ ምኵራብ መፈለጉ አይቀርም።

«ፈላሻ» የሚለው ከዚህ ይለያል፤ መነሻው ስድብ ሳይሆን የመሬት ሕግ ይመስላል። ሥርወ ቃሉ «ፈለሰ»፣ ማለትም ካገሩ ወጣ፣ ተሰደደ፣ ነው። «ፈላሲ» ለመጻተኛም፣ ዓለምን ለናቀ መነኵሴም የሚነገር፣ በራሱ ነውር የሌለበት ቃል ነው። በትውፊት ለዐፄ ይስሐቅ (እ.ኤ.አ. 1414–1429) የሚሰጠው ድንጋጌ፣ የተጠመቀ ያባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ያዛል። ርስት በሌለበት እርሻ የለም። ስለዚህም ሕዝቡ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸክላ ሥራ፣ ወደ ሽመናና ኋላም ወደ ግንበኝነት አዘነበለ፤ እነዚህም ሙያዎች በተራቸው «ቡዳ» የሚል ስም አተረፉለት። ስለ ራሱ ሲናገር ግን «ቤተ እስራኤል» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1951 ቮልፍ ሌስላው የሕዝቡን ጽሑፎች ተርጕሞ ሲያሳትም ለመጽሐፉ ርእስ የመረጠው ግን የሌላውን አጠራር ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትንና ጭሰኝነትን ሲሽር፣ «ፈላሻ» የሚለው ስም የቆመበት ሕጋዊ መሠረት አብሮ ፈረሰ። ቃሉ ግን አልሞተም። ዓርብ ግንቦት 16 እና ቅዳሜ ግንቦት 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ሊቀ መንበሩ አገር ጥለው በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከ14 ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ወደ እስራኤል በረሩ፤ አንዱ አውሮፕላን ብቻ ከ1 ሺሕ በላይ ሰው ጭኖ ነበር። ለዘመናት «ፈላሲ» ተብለው ባገራቸው የኖሩት ሰዎች በእማሬው የፈለሱት በዚያ ሌሊት ነው። ስሙ በቦሌ አልቀረም፤ ቀድሞ ክርስትናን ለተቀበሉት ወገኖቻቸው «ፈላስ ሙራ» በሚል ስም ዛሬም ይጠራል።

አሁን ወደ «ቡዳ» እንመለስ። በሕዝብ እምነት ቡዳ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ «የቀን ጅቦች» ሲሉ በስም የጠሩት አልነበረም፤ አድማጩ ግን የቀድሞው ሥርዐት ሹማምንት እንደ ሆኑ ተረዳ። በእኛ አስተያየት የቃሉ ኀይል ከዱር አውሬው የመጣ አይደለም። ጅቡ ሌሊቱን መጠበቅ ትቶ በቀን ወጣ ማለት፣ አብሮን የሚኖረው ሰው መልክ ለብሷል ማለት ነው። ኋላ በሌሎች አንደበት ቃሉ ከሹማምንቱ አልፎ ወደ ትግራይ ተወላጆች በጠቅላላ ሲዘረጋ፣ ተናጋሪው ሁሉ «እኔ ያልሁት ሌባን ነው» ሊል ይችል ነበር። ውስጠ ወይራ የሚታወቀውም በዚህ የመካጃ በር ነው።

«ጸጉረ ልውጥ» ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛውና የፖሊሱ የቆየ ቃል ነው፤ ለመንደሩ እንግዳ የሆነ ሰው ማለት ብቻ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትፈተሽ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ገለጸ። በዚያ ሰሞን ቃሉ ለስንት ዘመን ጎረቤት የነበረን ሰው ሲያመለክት ሰምተናል። በመዝገበ ቃላት ለዚህ ቃል ሁለተኛ ፍች ከነዓመተ ምሕረቱ ሊጻፍለት ይገባል እንላለን።

ሕግ በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳንም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡም በስሙ ይታወቅ ነበርና ክልከላው ግልጽ ነበር። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ተናጋሪው ሆን ብሎ ማድረጉን ይጠይቃል፤ ዳኛውም ስለ ፍካሬ የሚጠይቀው የቋንቋ ዐዋቂውን ይሆናል። ተርጓሚውም ከዚህ ሸክም ነጻ አይደለም። የውጭ ጋዜጦች «የቀን ጅብ»ን ቃል በቃል ስለ መለሱት አንባቢያቸው ያየው ሆዳም አውሬ ብቻ ነው። የቡዳው እምነት በአንድ ሐረግ እንኳ ቢጨመርለት፣ ጎንደሬው አድማጭ የሰማውን እርሱም በሰማ ነበር።