የሌዘር መቅረጫ ማሽንን በዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ማዕከል መጠቀም፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ ጽሑፍ ሜከርስፔስ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ማዕከላት በሌዘር መቅረጫ ማሽን ለመገልገል ለሚፈልጉ ዜጎች የቀረበ ሲሆን፣ በተለይ በደብረ ታቦርና በአካባቢው የሚገኙ የእንጨት፣ የቆዳና የቀንድ ባለሙያዎችን ታሳቢ ያደርጋል። በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲዎች ተልእኮዎች አንዱ በመሆኑ፣ ከግቢ ውጭ ያለ ተገልጋይ ጥያቄ ከማቅረብ ሊያመነታ አይገባም። ሆኖም የየማዕከሉ አሠራር ስለሚለያይ፣ ዕቃ ጭኖ ከመሄድ በፊት ማሽኑ መኖሩን፣ ለውጭ ተገልጋይ ክፍት መሆኑንና የአገልግሎት ክፍያውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚቀርበው ክፍል፣ በ1850ዎቹ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ መሥሪያ የነበረችውን የጋፋትን ስም የያዘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

በእንዲህ ያሉ ማዕከላት በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ጨረሩን የሚያመነጨው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ካለበት የመስታወት ቱቦ ነው። ጨረሩ በመስታወቶችና በሌንስ ተመርቶ በቁሱ ላይ በጠባብ ነጥብ ያርፋል፤ ቁሱንም በሙቀት ያቃጥላል ወይም ያተናል። ኃይሉ ሲቀንስና ፍጥነቱ ሲጨምር ይቀርጻል፤ ኃይሉ ሲጨምርና ፍጥነቱ ሲቀንስ ይቆርጣል። ይህ ዓይነቱ ማሽን ቀለም ያልተቀባ ብረትን አይቀርጽም። ብረት ለማስቀረጽ የሚፈልግ ተገልጋይ ፋይበር ሌዘር ስለመኖሩ ይጠይቅ።

ተገልጋዩ ይዞ የሚመጣው ቁስ

አብዛኛው ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። እንጨት፣ ወረቀት፣ ካርቶን፣ አክሪሊክ፣ መስታወትና የተጠረበ ድንጋይ ይቀረጻሉ። ዋንዛና ወይራ አንዱ ከሌላው የተለየ ጥንካሬና ጥግግት ስላላቸው በአንዱ የተገኘ ልኬት ለሌላው አይሠራም፤ ስለዚህ ከዚያው እንጨት ለሙከራ የሚሆን ትራፊ ይዞ መምጣት ይገባል። ቀንድ ይቀረጻል፤ ሽታው ግን እንደ ተቃጠለ ፀጉር ስለሆነ ማዕከሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ክብ የሆነ የቀንድ ዋንጫ ደግሞ ዕቃውን እያዞረ የሚይዝ ተጨማሪ መሣሪያ ይፈልጋል። በዕፅዋት የተለፋ ቆዳ ተስማሚ ነው። በክሮም የተለፋው ግን ሲቃጠል ለጤና አደገኛ የሆነ የክሮሚየም ውሁድ ሊያወጣ ስለሚችል አይመከርም።

ፒቪሲ ፈጽሞ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም። ለኮርኒስ የሚውለው ሰሌዳ፣ ብዙው ሰው ሠራሽ ቆዳና አንዳንድ የፕላስቲክ መታወቂያ ካርዶች ከፒቪሲ የሚሠሩ ናቸው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፤ የማሽኑንም ሐዲድና ሌንስ ይበላል። የፕላስቲኩ ምንነት ሲያጠራጥር የማዕከሉ ባለሙያ የጋለ የመዳብ ሽቦ አስነክቶ ሽቦውን ወደ ነበልባል ይመልሰዋል፤ አረንጓዴ ነበልባል ከታየ ቁሱ ይመለሳል። «ሻጩ አክሪሊክ ነው ብሎኛል» የሚለው ምላሽ ለዚህ ፍተሻ ምትክ አይሆንም።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ንድፍ

ንድፉ እንደ ኢንክስኬፕ ባለ የሥዕል ሶፍትዌር ተዘጋጅቶ በኤስቪጂ ወይም በዲኤክስኤፍ ፋይል ይቀርባል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ተደጋግሞ የሚያጋጥመው፣ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ባለመኖሩ ፊደላቱ ወደ ባዶ ሣጥን መለወጣቸው ነው። መፍትሔው ፋይሉን ከማስቀመጥ በፊት ፊደላቱን ወደ መስመር ቅርጽ መለወጥ ነው። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ሊታረም ስለማይችል ዋናውን ፋይል ለይቶ ማስቀመጥና የፊደል ግድፈት መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ይጠቅማል። ፊደላቱ በጣም ካነሱ «ጸ» እና «ጾ»ን የመሳሰሉት ስለሚቀራረቡ በትራፊው ቁስ ላይ ማስሞከር ይበጃል።

በሥራ ላይ

ጨረሩ ለዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ይጎዳል። ስለዚህ ክዳኑ ሳይዘጋ ማሽኑ አይነሣም። የጭስ ማውጫውና ቱቦውን የሚያቀዘቅዘው ውኃ መሥራታቸው በቅድሚያ ይረጋገጣል። ማሽኑ እየሠራ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ትቶት መውጣት አይፈቀድም፤ እንጨትና አክሪሊክ በቅጽበት ሊያያዙ ይችላሉና። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ተስማሚ የሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ መኖር አለበት።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ በሚሠራው የቱቦው መስመር ዙሪያ ኤሌክትሪክ የመዝለል ዕድሉ ከቆላው ይበልጣል። የመንጣጣት ድምፅ የሰማ ተገልጋይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ተጭኖ ባለሙያ ይጥራ፤ ሽፋኑን በራሱ አይክፈት። መብራት ከጠፋም ሥራው መነሻ ነጥቡን ሊያጣ ስለሚችል፣ እስኪመለስ ድረስ ቁሱን ከቦታው አለማንቀሳቀስ የተጀመረውን ሥራ ያድናል።

ማዕከላት የማይቀበሏቸው ሥራዎች

ማሽኑ የማኅተም ጎማ መቅረጽ ስለሚችል በዚህ ረገድ ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ወይም የሌላ ድርጅትን ማኅተም አስመስሎ መሥራት በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ለሙከራ ወይም ለትምህርት ነው ማለትም ሥራውን ሕጋዊ አያደርገውም። የሌላ ሰው የተመዘገበ የንግድ ምልክትም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ጥበቃ አለው። የራሱን አዲስ ንድፍ ለገበያ ያዘጋጀ ባለሙያ በበኩሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ንድፉን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይችላል። ማመልከቻውን ዕቃውን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ቢያቀርብ ይመረጣል፤ ምዝገባው ንድፉ አዲስ መሆኑን ይጠይቃልና።