የግራፍሌክስ ውድቀት፦ የዜና ካሜራና የጋዜጣ ሥራ ሲለያዩ

የአሜሪካው ካሜራ አምራች ግራፍሌክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ለመዘጋቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት የጃፓን ካሜራዎች ፉክክር ነው። እውነት ነው፤ ግን በቂ አይደለም። ኩባንያውን ለስኬት ያበቃው ከጋዜጣ ሥራ ጋር የነበረው ቁርኝት እንደነበረ ሁሉ፣ ያ ሥራ ሲለወጥ ለውድቀት የዳረገውም ይኸው ቁርኝት ነው።

በ1912 የወጣው የኩባንያው ስፒድ ግራፊክ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ 4 በ5 ኢንች በሆነ ነጠላ ፊልም ይሠራ ነበር። ፎቶ አንሺው ሁለት ፊልም የያዘውን ማቀፊያ ከካሜራው ጀርባ ይሰካል፣ መከለያውን ይስባል፣ መዝጊያውን ይወጥራል፣ ያነሳል፤ ከዚያ መከለያውን መልሶ ማቀፊያውን ይገለብጣል፣ የተቃጠለውን የፍላሽ አምፖል ይቀይራል። ዛሬ አድካሚ ይመስላል። ለማታ እትም ለሚጣደፍ ጋዜጣ ግን የተመቸ ነበር፦ ጥቅልል እስኪያልቅ ሳይጠበቅ አንዷ ፊልም ወዲያው ትታጠባለች፤ ኔጋቲቩ ትልቅ ስለሆነም ከጥጉ ተቆርጦ የወጣ ፊት እንኳ ጥራቱን ሳያጣ ይታተማል። ፎቶ አንሺው ጆ ሮዘንታል በ1945 በኢዎ ጂማ ደሴት የአሜሪካ ባንዲራ ሲተከል ፎቶውን ያነሳው በዚህ ካሜራ ነው።

ኩባንያውን ኮዳክ በ1905 ገዝቶት በ1926 በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ምክንያት ለቀቀው፤ ይህ ሁሉ ግን አላናጋውም። ያናጋው የ1950ዎቹ ለውጥ ነው። በ1954 ላይካ ኤም 3 የተባለውን ትንሽ ካሜራ አወጣ፣ ኮዳክም ፈጣኑን ትራይ ኤክስ ፊልም በ35 ሚሊሜትር አቀረበ። የዚያ ዓመት የፑሊትዘር የፎቶ ሽልማትም የደረሰው በኮዳክ ብራውኒ ላነሳች አማተር ነው። ትንሽ ፊልም ለኅትመት በቂ ከሆነ የትልቁ ኔጋቲቭ ብልጫ ይጠፋል፤ አድካሚነቱ ግን ይቀራል። የጃፓኑ ኒኮን ኤፍ ካሜራ በ1959 ሲመጣ ገበያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ግራፍሌክስ አልተኛም። በ1958 ሱፐር ግራፊክ የተባለ ሌላ ባለ ትልቅ ፊልም ካሜራ አወጣ፤ 35 ሚሊሜትር ካሜራዎችንም ሸጧል። የእኔ ወቀሳ እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ ትንንሽ ካሜራዎች የታለሙት ለትርፍ ጊዜ አንሺ ነበር። ስሙን አምኖ ሲገዛ ለኖረው የዜና ባለሙያ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ትንሽ ካሜራ አልቀረበለትም። ባለቤትነቱም በ1956 ወደ ጀነራል ፕሪሲዥን፣ በ1968 በስፌት መኪናው ወደምናውቀው ሲንጀር ተሻገረ። ለእነዚህ ግዙፍ ድርጅቶች የዜና ካሜራ ከብዙ ምርቶች አንዱ ብቻ ነበር፤ የሱፐር ግራፊክ ማምረቻ መሣሪያዎችም በመጨረሻ ለጃፓኑ ቶዮ ተሸጡ።