ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ፋብሪካ ቧንቧ

በየዓመቱ የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ሲከበር በዚህች መጽሔት ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ ቧንቧ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «የግብርና ባለሙያን ከቧንቧ ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ነገር ግን አርሶ አደሩ ወተቱንና የቅባት እህሉን ወደ ማቀነባበሪያ በሚያስገባበት በዚህ ዘመን የዓመት ድካሙ የሚያልፈው በቧንቧ ውስጥ ነው። ቧንቧው ሲዘጋ ወተቱ ይበላሻል። ለመክፈት የሚጣደፈው ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከዚሁ ከሰሜን አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ውኃ የሚቀዳው ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ፣ በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት፣ ከእንጦጦ ተራራ የሚወርድ ውኃ በቧንቧ እስከ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ደረሰ። ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለነበር ውኃው በራሱ ክብደት እየተገፋ መጣ፤ ፓምፕ አላስፈለገውም። ሕዝቡም ውኃ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ እጅግ እንደተደነቀ ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ ከተማዋ እየሰፋች ሄደች። በ1930ዎቹ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ተሠራ። በእንጦጦና በጉለሌ ዙሪያ የተተከለው ባሕር ዛፍ የማገዶ ችግርን ቢያቃልልም ሥሩ እርጥበት እየተከተለ በላላ መገጣጠሚያ ገብቶ የቧንቧ ጠላት መሆን ይችላል። ቧንቧ መዘርጋት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አለመሆኑን የሚያሳየን አንዱ ምሳሌ ይህ ነው።

ከውኃው ቀጥሎ የፋብሪካ ቧንቧ መጣ። በጉለሌ ስሙን ከሰፈሩ የወሰደ የሳሙና ፋብሪካ ተቋቋመ። በሾላ ደግሞ በ1950ዎቹ በዩኒሴፍ ድጋፍ የወተት ማቀነባበሪያ ሥራ ጀመረ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላም ማኅበራት በዩኒየን እየተደራጁ ምርታቸውን ራሳቸው ወደ ማቀነባበር ገቡ። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል።

የፋብሪካ ቧንቧ እንደ ምንጭ ውኃ ቧንቧ አይደለም። በውስጡ የሚያልፈው ነገር ይረጋል፣ ይጋገራል፣ ይደርቃል። ለሳሙና የሚቀልጠው ሞራ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ መርጋት ይጀምራል። ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ኮስቲክ ሶዳ የሆነ ብጥብጥ ወደ 12 ዲግሪ ሲደርስ ይጠጥራል። ጉለሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ከዚህም በታች ይቀዘቅዛል። ማታ ያልተሸፈነ ቧንቧ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ወተት ደግሞ ከ70 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ፕሮቲኑና ማዕድኑ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጋገራል። በዐቢይ ጾም ገበያው ቀዝቅዞ ማሽኑ ሲቆም በውስጡ የቀረው ወተት ይደርቃል። ለፋሲካ ሥራ ሲጀመር ቧንቧው ተዘግቶ ይገኛል።

የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት አንድ አነስተኛ ማቀነባበሪያ ያየሁትን አልረሳውም። የኮስቲክ ሶዳ መስመር ተዘጋ። ወተት ያመጡ ገበሬዎች በር ላይ ተሰልፈው ስለነበር ኃላፊው «ቶሎ በሉ» አለ። አንድ ወጣት ሠራተኛ የግፊት መለኪያው ዜሮ ማሳየቱን አይቶ ያለ መነጽር ብሎኑን ፈታ። ግፊቱ ግን ከመዘጊያው በስተጀርባ ታምቆ ነበርና ፈሳሹ ፊቱ ላይ ፈነዳ። አንድ ዓይኑ ዳግመኛ አላየም። የዚያን ቀን ወተትም ቢሆን አልተረፈም።

ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ፓምፑን አቁሞ ማብሪያውን መቆለፍና ቁልፉን በኪስ መያዝ፣ ከዚያም በሁለቱም ወገን ያሉትን ቫልቮች መዝጋት ነው። መለኪያው ዜሮ ቢልም ግፊት እንዳለ መቁጠር ይገባል። ብሎን ሲፈታ መነጽርና ጓንት አድርጎ፣ ወደ ጎን ቆሞ፣ በመጀመሪያ ከራስ የራቀውን ብሎን ጥቂት ብቻ ማላላት ነው። የረጋውን ለማቅለጥ ሙቀት የሚሰጠው ከተከፈተው ጫፍ ተጀምሮ ነው። ከመሐል ከተጀመረ የቀለጠው መውጫ ስለሚያጣ ቧንቧውን ሊያፈነዳ ይችላል። በታመቀ አየር መግፋትም አደገኛ ነው፤ የተላቀቀው ድፍን እንደ ጥይት ይወረወራል። ኮስቲክ ዓይን ከነካ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የወተት መስመር በየቀኑ ሥራው እንዳበቃ በለብታ ውኃ፣ ቀጥሎ በአንድ ከመቶ የኮስቲክ ብጥብጥ፣ እንደገና በውኃ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በቀጭን የናይትሪክ አሲድ ብጥብጥ ይታጠባል። በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ሁለቱ መድኃኒቶች ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ኮስቲክም ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በኮስቲክ ላይ አይደፋም። ለጾም ማሽን ሲቆም መስመሩ ታጥቦ፣ ተንጠፍጥፎ ይቆይ። የሚረጋ ነገር የሚያልፍበት ቧንቧም ለብርዱ ይሸፈን።

ውድ የማኅበራችን አባላትና የአካባቢያችን አመራሮች፣ ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። በመስኖ በምንጠቀምበት አገር ሁሉ የውኃ አባት አለ። ወራቱ ሳይደርስ ሰዉን ጠርቶ የቦዩን ደለል ያስጠርጋል፤ «ዛሬ ውኃ አይለቀቅም» ሲልም ባለጠጋው ሳይቀር ይታዘዘዋል። ለማቀነባበሪያዎቻችንም እንዲሁ የቧንቧ አባት እንሹምላቸው። የሚታጠብበትን ቀን የሚመዘግብ፣ መነጽርና ጓንት እንዲገዛ የሚጠይቅ፣ ገበሬው በር ላይ ተሰልፎ ሳለም «ቁሙ፣ አልተቆለፈም» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው ይሁን። የፈሰሰ ወተት በማግሥቱ ይታለባል፤ የጠፋ ዓይን ግን አይተካም።

እንኳን ለምሥረታ በዓላችን በሰላም አደረሰን!