ከሂርማታ ገበያ እስከ እድር፦ የጅማ ሕዝብ መሰባሰቢያዎች

 

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጅማ እንዘልቃለን። ስለ ጅማ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ንጉሡና ስለ ቡናው ነው። ሁለቱም ይገባቸዋል። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው ሕዝቡ በምን ምክንያት ይሰባሰብ እንደነበር፣ ሐዘንና ደስታ ሲመጣ ማን ለማን ይደርስ እንደነበር ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ ከመቆርቆሯ በፊት በቦታው ገበያ ነበረ። ስሙ ሂርማታ ይባላል፤ ትልቁ ቀኑም ሐሙስ ነበር። የንጉሡ መኖሪያ ግን ከገበያው ከፍ ብሎ ከጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር። በጊቤ ምድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አምስት መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ ተነሱ። የጅማው መሥራች ቀዳማዊ አባ ጅፋር በ1830 ገደማ ነገሡ። እስልምና ወደዚያ ምድር የገባው በጦር ኃይል አይደለም፤ በነጋዴዎች እጅ ነው። ከሰሜን የጀበርቲ ነጋዴዎች በጎጃም በባሶ ገበያ አድርገው ዓባይን ተሻግረው ይመጡ ነበር። ከአገሬው ደግሞ አፍካላ የሚባሉት የኦሮሞ ነጋዴዎች ነበሩ። ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይገባል፤ ቡና፣ የዝባድ ሽቶ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወጣል።

የሂርማታን የሐሙስ ገበያ የጻፉ ሰዎች በደመቀበት ዘመን እስከ 30,000 ሰው ይገኝበት እንደነበር ይገምታሉ። ይህን ያህል ሕዝብ ጨውና ቡና ለመለዋወጥ ብቻ አይመጣም። ገበያ ማለት በዚያ ዘመን ወሬ የሚሰማበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ልጅ ለልጅ የሚተጫጭበት ቦታ ነው። ከሩቅ የመጣ ሸኽም የሚታወቀው እዚያ ነው፤ ነጋዴው አብሮት ይዞት መጥቶ ለአገሬው ያስተዋውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በዚያው ገበያ የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። ጅማ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ዋና ዋና የባሪያ ንግድ ማዕከሎች አንዷ ነበረች። ከከፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም አካባቢዎች ተፈንግለው የመጡ ሰዎች በሂርማታ ተሽጠዋል፤ ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ ሙስሊም ነበር። አንዳንድ ወንድሞቻችን የጅማን ታሪክ ሲተርኩ ይህን ይዘሉታል። እኛ መዝለሉን አንወደውም። ነፃ የማውጣትን አጅር ያስተማረ ዲን ተከታዮች ሆነን ሳለ የተሸጡትን ሰዎች ከታሪኩ ብናወጣቸው ሁለተኛ ግፍ ይሆናል። የእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆችም ዛሬ የከተማዋ ነዋሪዎች፣ የመስጊዱ ጀማዓ፣ የእድሩ አባል ናቸው። ባርነትን በሕግ ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፤ ከዚያም በኋላ በጋብቻና በአቀማመጥ ልዩነቱ ቶሎ አልጠፋም።

ወደ ጅሬን እንውጣ። ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት በ1878 ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ በጊዜ ገብረው ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ጎረቤቶቻቸው በጦርነት ሲጠፉ ጅማ የተረፈችው በዚህ ነው። ሰላም በመኖሩም ነጋዴውም ዓሊሙም ወደዚያ ጎረፈ። በእርሳቸው ዘመን በጅማ 60 የሚሆኑ መድረሳዎች እንደነበሩ በታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ለሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት በመካ ማሠራታቸውም በሰፊው ይነገራል።

መድረሳ ስንል የዛሬው ዓይነት ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ እንዳይመስላችሁ። ሸኹ አሉ፤ ደረሳው አለ፤ ለውሕና ኪታብ አለ፤ ሌላው ሁሉ የጎረቤቱ ሸክም ነው። ደረሳው ከወሎም ይምጣ ከሌላ አገር፣ እራቱ ከሰፈሩ ቤቶች ይወጣል። አንዷ እናት እንጀራ፣ ሌላዋ ቆሎ፣ ሌላዋ ወተት ትሰጣለች። ደረሳውም በምላሹ ልጆቻቸውን ቁርኣን ያስቀራል፤ ሰው ሲሞት ይቆማል፤ ደብዳቤ ያነባል። ስለ ንጉሡ ብዙ ተጽፏል፤ ስለነዚህ እናቶች ግን የተጻፈ የለም ማለት ይቻላል። በእኛ ግምት ግን በጅማ ዒልምን ያቆየው የቤተ መንግሥቱ ስጦታ ብቻ ሳይሆን የእነርሱ ሌማት ነው።

ሥራም መሰባሰቢያ ነበር። በኦሮሞው ዘንድ ዳዶ የሚባለው ተራ በተራ ነው፤ ዛሬ ላንተ፣ ነገ ለእኔ። ዳቦ የሚባለው፣ በአማርኛ ደቦ የምንለው፣ ባለቤቱ አብልቶ አጠጥቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ነው። ቤት መሥራት፣ አረም፣ ቡና መልቀም በዚህ ይሠራ ነበር። አቅመ ደካማና ባሏ የሞተባት ሴትም ደቦ ይወጣላቸዋል። ቡናውም ያው ነው። ጅማ ውስጥ ቡና ለብቻ መጠጣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ቡና ቀላ የሚባለው ደግሞ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ በምርቃት የሚቀርብ ነው፤ ዛሬ ከጥቂት ቤቶች በቀር አይታይም። (በነገራችን ላይ፣ በሰሜን በነበረው የክርስቲያን አገር ቡና የእስላም መጠጥ ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይከለከል እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ የሁሉም ሆኗል፤ አልሐምዱሊላህ።)

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1932 ሲሞቱ ጅማም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሙሉ በሙሉ ገባች። ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ጠቅላይ ግዛት መናገሻ አድርጎ ከሂርማታ ገበያ አጠገብ ዘመናዊ ከተማ ሠራ። ያኔ የከተማው ሰው ጠባይ ተለወጠ። ጉራጌው፣ የመኒው ዓረብ፣ ወሎዬው፣ ዳውሮው፣ ከፊቾው፣ የም፣ አማራው ገባ። በጅሬን ዘመን ሰው የሚረዳዳው በዘርና በቀዬ ነበር። አሁን ግን ጎረቤትህ ዘመድህ አይደለም፤ አንዳንዴም ሃይማኖትህ አይደለም። ታዲያ ቢሞት ማን ይቀብረዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከተሜው የሰጠው መልስ እድር ነው። አጥኚዎች እድር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከመጡ የጉራጌ ነጋዴዎች ጋር ያያይዙታል፤ በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላም በየከተማው ተስፋፋ። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስትና ሳፋ አለው። ሰው ሲሞት ለፋፊው በሌሊት ሰፈሩን ያነቃል። በጅማ በሙስሊሞች ብቻ የቆሙ እድሮች አሉ፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ የሚገኙባቸውም አሉ። በእነዚህኞቹ ድንኳኑና ወንበሩ የጋራ ነው፤ ሥጋ ካለ ግን እርዱ ለየብቻ ነው። ይህ ሥርዓት ያለ ክርክር አልመጣም፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተነጋግረው ያመጡት ነው።

ከሌላ እምነት ተከታይ ጋር በመረዳዳት መተባበር እንዴት ይታያል ብሎ የሚጠይቅ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ነቢይነት ሳይሰጣቸው በወጣትነታቸው በመካ አንድ ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተው ነበር፤ ሒልፉል ፉዱል ይባላል። ምክንያቱ ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን መከልከሉ ነው። የተበደለ ሁሉ እንግዳም ቢሆን ሐቁ እንዲመለስለት ተማማሉ። ከነቢይነታቸውም በኋላ ያን ቃል ኪዳን አድንቀዋል፤ በእስልምናም ዘመን ቢጠሩበት እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የተማማሉት ሰዎች ሙስሊሞች አልነበሩም።

አሁን ወደ ሐዘኑ ቤት እንግባ፤ የዛሬው ንግግራችን ዋና ነጥብ እዚህ ነው። በ629፣ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በሙእታ ዘመቻ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ተሰዉ። እኚህ ሰው ለእኛ አገር እንግዳ አይደሉም፤ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ሙሃጂሮቹ የተናገሩት እርሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ዐብደላህም በሐበሻ ምድር ተወልዷል። የሞታቸው ወሬ መዲና ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ሐዘን ስለያዛቸው። እንግዲህ ምግቡ የሚሄደው ከጎረቤት ወደ ሐዘንተኛው ነው። አባቶቻችን ንፍሮውን፣ እንጀራውንና ቡናውን ተሸክመው ለቅሶ ቤት የሚሄዱት ከዚህ ሱና ጋር የሚገጥም ነው።

ዛሬስ? በብዙ ቦታ ነገሩ ተገልብጧል። ሐዘንተኛው ራሱ በሬ ይጥላል፤ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአርባኛው ቀን ድግስ ይደግሳል። የቲሞች የሚወርሱት ገንዘብ ለለቀስተኛ ይበላል። ባሏን ቀብራ ያልተከፈለ የበሬ ዕዳ የቀረባትን ሴት የማያውቅ ኢማም የለም። ዑለማዎቻችን ሐዘንተኛው ለሰው ደግሶ ማብላቱን ጠልተውታል፤ ከየቲም ገንዘብ ከሆነማ ጉዳዩ ከመጥላትም ያልፋል። እድሩ የተቋቋመው ይህን ሸክም ከሐዘንተኛው ትከሻ ለማውረድ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ነው መልሶ የጫነው። እድር ያላችሁ፣ በተለይ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ ከሐዘንተኛው ቤት እርድ እንዳይወጣ ብትጽፉ ማን ይከለክላችኋል? ደሃው ብቻውን ድግሱን ቢያስቀር ይታማል፤ ደንብ ሆኖ ሲጻፍ ግን ሀብታሙም ደሃውም እኩል ይሆናሉ።

የበዓሉን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ዒዶቻችንና መውሊድ በመንግሥት ዘንድ በዓል ሆነው የታወቁት በ1974 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍና የሥርዓቱ ለውጥ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጅማ ሙስሊም በዒድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ቢሰግድም መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነበር። ስለ መውሊድ ብይን ዑለማዎች የተናገሩትን በሌላ ጊዜ እናየው ይሆናል፤ የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

የምንናገረው መልካሙን ብቻ እንዳይሆን ሌላ ከባድ ነገርም እናንሳ። በ2006 መገባደጃ በጅማ ዞን አንዳንድ ቦታዎች በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል ደም ፈሰሰ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ከጅማ ከተማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አሰንዳቦና በአካባቢዋ፣ ቁርኣን ተዋረደ በሚል ወሬ ተነሳስተው በርካታ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያኖች ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። ይህ በሙስሊም እጅ የተፈጸመ በደል ነው፤ ስሙን ለውጠን አንጠራውም። ወሬ ሲመጣ ማጣራት በዲናችን ግዴታ ነው። ቁርኣንን ማክበር የጎረቤትን ቤት በማቃጠል አይገለጽም።

በየጊዜው የምንጠይቀው ጥያቄ አለ፤ አንድ ላይ ይቀብሩ የነበሩ ሰዎች እንዴት እዚያ ደረሱ? እድርም ቡናም ሁልጊዜ ከወሬ ያድናሉ ብለን አንዋሽም። ነገር ግን ጎረቤቱን በሐዘኑ ቀን ያየ ሰው ስለ እርሱ የመጣን ወሬ ሄዶ ሊጠይቀው ይችላል፤ በሩን ያውቀዋል። በሩን የማያውቅ ወሬውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ዛሬ በጅማ አዳዲስ ሰፈሮች፣ ኮንዶሚኒየሞችና የተማሪ ኪራይ ቤቶች በዝተዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከተደራጀ ወዲህ ከየክልሉ ወጣት ይመጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሰፈር እድር የላቸውም። የድሮው ደረሳ እራቱን ከጎረቤት ያገኝ ነበር፤ የዛሬው ተማሪ ታሞ ቢተኛ የሚያንኳኳለት ማን ነው? በረመዳን ኢፍጣር ላይ ለእነርሱ ቦታ የሚያዘጋጁ መስጊዶችና ቤተሰቦች አላህ ይቀበላቸው፤ ረመዳን ሲወጣ ግን ማስታወሱ ይቀንሳል።

የመጨረሻው ጉዳያችን ወረቀት ነው። የነገሥታቱ ታሪክ ተጽፏል፤ የሰፈሩ ታሪክ ግን ያለው በእድር መዝገቦች ውስጥ ነው። ማን መቼ እንደሞተ፣ ስንት ብር እንደተዋጣ፣ ማን ከየት መጥቶ እንደተመዘገበ፣ የትኛው ዓመት በረሃብ ወይም በወረርሽኝ ስም እንደበዛበት ሁሉ እዚያ ተጽፏል። ጸሐፊው ሲሞት ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ ያን ደብተር ለሱቅ መጠቅለያ ይሰጡታል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ካለ አትጣሉት። ለመስጊዳችሁ ኮሚቴ ወይም በከተማው ላለ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ሂርማታን ከአባቶቻቸው የሰሙ፣ ደረሳ ያበሉ፣ ዳዶ የወጡ እናቶችና አባቶችም ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ የልጆቻችሁ ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ ቡና አፍልታችሁ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋቸው።