ፍላሽ ከቆመ በኋላ ምን እንምረጥ? የትምህርት ማዘጋጃ ሶፍትዌሮች አጭር ታሪክ

በዚህ እትም ብዙም የማይወራለት አንድ ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ታሪኩ የንጉሥ ወይም የጦርነት አይደለም፤ በኮምፒዩተር ትምህርት የምናዘጋጅባቸው ሶፍትዌሮች እንዴት ተወልደው እንዴት እንደሞቱ የሚናገር ነው። ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2020 መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በኖቬምበር የትግራይ ጦርነት ሲነሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ከሰላና ወደ ገዳሪፍ ገባ። በ1980ዎቹም ስደተኛ ያስጠለለው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ቱናይድባ ተጨመረ። በዚያው ሰሞን፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2020፣ አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፍላሽ ማጫወቻ የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ ፋይል አላሳይም አለ። (ኪሳችን የምንይዘውን ፍላሽ ዲስክ ማለቴ አይደለም፤ የሚመሳሰሉት በስም ብቻ ነው።) በድንኳን ውስጥ ትምህርት ሲጀመር፣ በዓለም ዙሪያ ለዓመታት የተሠሩ የኮምፒዩተር ትምህርቶች ከተዘጋ በር በስተጀርባ ቀሩ ማለት ነው።

ሊጥና እንጀራ

በመጀመሪያ ትምህርት ማዘጋጃ ሶፍትዌር ማለት ምን እንደሆነ እንግባባ። መምህሩ ፕሮግራም መጻፍ ሳይማር ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና ጥያቄ አንድ ላይ አቀናጅቶ፣ ተማሪው በኮምፒዩተር ወይም በሞባይል ሊሠራው የሚችል ትምህርት የሚያወጣበት መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። አንደኛው መምህሩ የሚሠራበትና እንደገና ሊያርመው የሚችለው ነው፤ ይህን ሊጥ በሉት። ሁለተኛው ተማሪው የሚከፍተው የተጠናቀቀው ነው፤ ይህ እንጀራው ነው። ከሊጥ እንጀራ ይጋገራል፤ ከእንጀራ ግን ሊጥ አይመለስም። በፍላሽ ሊጡ ኤፍኤልኤ፣ እንጀራው ኤስደብሊውኤፍ ይባል ነበር። ፍላሽ ሲቆም እጅግ የተጎዱት እንጀራውን ይዘው ሊጡን ያላስቀመጡት ናቸው። ሊጥ የነበራቸው ብዙ ቢደክሙም በሌላ ምጣድ ጋገሩት።

ፍላሽ የመጀመሪያው አልነበረም

በ1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የሚባል በኮምፒዩተር የማስተማሪያ ሥርዓት ተጀመረ። በኋላ ለመምህራን እንዲቀል ቲዩተር የሚባል ቋንቋ ተሠራለት፤ ብዙ ሺህ ሰዓት የሚፈጅ ትምህርትም ተጻፈበት። ነገር ግን ትምህርቱ የሚሠራው በዚያ ውድ ትልቅ ኮምፒዩተርና ከእሱ ጋር በተገናኙ ተርሚናሎች ላይ ብቻ ነበር። የግል ኮምፒዩተር ሲስፋፋ የፕላቶ ዘመን አለፈ።

በ1987 አፕል ሃይፐርካርድን አወጣ። ካርዶችን እርስ በርስ በማያያዝ ማንም መምህር ትምህርት ሊሠራበት ስለሚችል ብዙዎች ወደዱት። ኩባንያው ግን ለዓመታት ሳያሻሽለው ቆይቶ በ2004 ከሽያጭ አወጣው። ኦቶርዌርም እንዲሁ ነው። የመሠረተው ማይክል አለን ቀደም ሲል በፕላቶ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። ኩባንያው በ1992 ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ማክሮሚዲያ ሆነ፤ አዶቤ በ2005 ማክሮሚዲያን ጠቀለለው፤ በ2007 ደግሞ ኦቶርዌርን ከእንግዲህ አላሳድግም ብሎ አስታወቀ።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ አንዱም መጥፎ ስለሆነ አልሞተም። አንዱ ማሽኑ አለፈበት፣ አንዱን ባለቤቱ ተወው፣ አንዱን የገዛው ኩባንያ አልፈለገውም። ስለዚህ «ጥሩ ነው ወይ?» ብቻ ብሎ መምረጥ በቂ እንዳልሆነ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

ፍላሽ የተወለደው በ1996 ፊውቸርስፕላሽ በሚል ስም ነው። ወዲያው ማክሮሚዲያ ገዝቶ ፍላሽ አለው። በቀጭን የስልክ መስመር እንኳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳየት ስለቻለ ድረ ገጾችን ሁሉ አጥለቀለቀ፤ የትምህርት አዘጋጆችም ተከተሉት። በ2007 አይፎን ፍላሽን ሳይጨምር ወጣ። በኤፕሪል 2010 ስቲቭ ጆብስ ባትሪ ይጨርሳል፣ ደኅንነቱ ያሰጋል፣ ለጣት አልተሠራም ብሎ በግልጽ ደብዳቤ ነቀፈው። በ2011 አዶቤ ራሱ የሞባይሉን ፍላሽ ማሳደግ አቆመ። በ2014 ኤችቲኤምኤል 5 የሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ይፋ ደረጃ ሆነ። በጁላይ 2017 ደግሞ አዶቤ «በ2020 መጨረሻ ያበቃል» ብሎ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድሞ አስጠነቀቀ።

እንግዲህ ሞቱ ድንገተኛ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው ግን የሚደርሰው ኢንተርኔት ላለውና ዜናውን ለሚከታተል ሰው ነው። በሲዲ ተገልብጦ ከቢሮ ቢሮ የዞረ ትምህርት ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም።

የእኛም ታሪክ ነው

ይህ የፈረንጅ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ የግዕዝ ፊደላችንን ታሪክ ያስታውስ። ፊደላችን በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ የፊደል ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮድ ይሠሩ ነበር። በአንዱ የተጻፈ ፈተና ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ቁልፉ ነው የጠፋው። በዩኒኮድ የተጻፈው ግን ዛሬ በአብዛኞቹ ዘመናዊ ሞባይሎች ይነበባል።

ሌላው ፕላዝማ ነው። እኔና በእኔ ዕድሜ ያሉ ከኢትዮጵያ የመጡ መምህራን የፕላዝማ ትውልድ ነን። ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍልን ነበር። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነው። መብራት ከሄደ የዕለቱ ትምህርት አለፈ ማለት ነው፤ ክፍል የቆመው መምህር ቆም አድርጎ ማስረዳት፣ ምሳሌውን በአካባቢው ምሳሌ መለወጥ አይችልም። የተቀረጸው መጥፎ ነበር አልልም፤ አንዳንዱን የፊዚክስ ሙከራ ያየነው በእሱ ብቻ ነው። ግን ሊጡ መምህሩ ዘንድ አልነበረም። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚሉት ለዚህም ይሠራል።

ከሞት የተረፉት እንዴት ተረፉ?

በኒውዚላንድ በ2000ዎቹ አጋማሽ ኢኤክስኢ-ለርኒንግ የሚባል ነፃ ትምህርት ማዘጋጃ ተሠራ። ሥራውን የመራው የኦክላንድ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ገንዘቡ ከመንግሥት ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ተበተኑ። እንደ ሃይፐርካርድ ይሞታል ሲባል፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ በስፔን የትምህርት ተቋማት ተረከቡትና አሳደጉት። ባለቤት ቢሄድም ቤቱ አልፈረሰም።

በኖርዌይ ደግሞ በ2013 ኤችፋይቭፒ ወጣ። በኤችቲኤምኤል 5 የሚሠራ ነፃ መሣሪያ ሲሆን የምርጫ ጥያቄ፣ ክፍት ቦታ መሙያና በመሐሉ ጥያቄ የሚጠይቅ ቪዲዮ ይሠራበታል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 የተጀመረው ፌት የሚባለው የሳይንስ ማሳያ ፕሮጀክትም በፍላሽና በጃቫ የሠራቸውን አንድ በአንድ ወደ ኤችቲኤምኤል 5 እየለወጠ ብዙዎቹን አተረፈ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አልለወጠም፤ ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበትን እያስቀደመ ነው። የድሮ ፍላሽ ፋይል ብቻ ለቀረው ሰው ደግሞ ራፍል የሚባል ነፃ ማጫወቻ አለ፤ ብዙዎቹን ይከፍታል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ከካምፕ ኑሮ ጋር የሚቀራረበው ኬኤ ላይት ነው። በ2012 የካን አካዳሚን ቪዲዮዎች ያለ ኢንተርኔት ለማሳየት ተሠራ። ሠሪዎቹ በአንድ ድርጅት ትምህርት ብቻ መታሰር እንደማያዋጣ አይተው በ2017 ኮሊብሪን አወጡ፤ ኬኤ ላይትም ቦታውን ለቀቀ። ኮሊብሪ ቪዲዮ፣ ፒዲኤፍ፣ የኤችቲኤምኤል 5ና የኤችፋይቭፒ ትምህርት ይቀበላል። መምህሩ የራሱን ትምህርት ሲያደራጅ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በፍላሽ ዲስክ ወይም በቅርብ ዋይፋይ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ይገለበጣል።

በሱዳን ምድርም የሚጠቀስ ሥራ አለ። ዋር ቻይልድ ሆላንድ ከሱዳን ትምህርት ሚኒስቴርና ከአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2012 ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በታብሌት የሒሳብ ትምህርት ጀመረ። ትምህርቱ በዓረብኛ፣ በአገሩ ሥርዓተ ትምህርት የተመሠረተ ሲሆን ታብሌቱ በፀሐይ ኃይል ይሞላል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከቦታው ተነስቶ መሣሪያ መምረጥ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ እኛ እንዴት እንምረጥ?

ለገዳሪፍና ለአካባቢው የሚሆን መለኪያ ከሌላ አገር ጽሑፍ አይገለበጥም። ሱዳን ከኖቬምበር 1997 እስከ ኦክቶበር 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ለግል መገናኛ የሚሆን ሶፍትዌር እንኳ የላላው በ2015 ነው። ሽብርን ይደግፋሉ ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር የወጣችው ዲሴምበር 14 ቀን 2020፣ ፍላሽ ከመቆሙ 17 ቀን በፊት ነው። ኢንተርኔቱም በጁን 2019፣ ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላና በፌብሩዋሪ 2024 በአብዛኛው አገሪቱ ተቋርጧል። በኤፕሪል 2023 የተጀመረው ጦርነት ደግሞ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ገፋ፤ ትምህርት ቤቶችም መጠለያ ሆኑ። ይህን የሚያውቅ መምህር ማንኛውንም ሶፍትዌር አምስት ጥያቄ ይጠይቀው።

1ኛ. ሊጡ ይወጣል ወይ? ጽሑፉ፣ ሥዕሉና ጥያቄው ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው መልክ ካልወጣ የእኛ አይደለም።

2ኛ. ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለመምህሩም። በየወሩ ፈቃዱን በኢንተርኔት የሚያሳድስ ሶፍትዌር መስመር ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል።

3ኛ. በርካሽ ሞባይል ይከፈታል ወይ? የሚፈተነው በቢሮ ላፕቶፕ ሳይሆን ስክሪኑ በተሰነጠቀው የተማሪው ስልክ ነው።

4ኛ. ፊደላችንን ያውቃል ወይ? አማርኛና ትግርኛ በዩኒኮድ፣ ዓረብኛውም ከቀኝ ወደ ግራ በትክክል መውጣት አለበት። አንድ ገጽ ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማየት ነው።

5ኛ. ሠሪው ቢሄድ ማን ያስቀጥለዋል? ይህ ስለ ኩባንያው ብቻ አይደለም። ካምፕ ውስጥ መምህርም ይሄዳል። አንዱ ሦስተኛ አገር ይደርሰዋል፣ ሌላው ካምፕ ይቀይራል፣ ሌላው አገሩ ይመለሳል። ሶፍትዌሩን አንድ ሰው ብቻ ከቻለው፣ እሱ የሄደ ዕለት ለእኛ ሶፍትዌሩም ተቋረጠ ማለት ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ የሚሸጡት ሶፍትዌሮች የበለጠ ያምራሉ፣ ለመማርም ይቀላሉ ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይካድም። የለጋሽ ፈቃድ ካለ ለቪዲዮ ቅንብር ለመሳሰለው ብንጠቀምበት ክፋት የለውም። ነገር ግን ሊጡ የሚከፈተው በዚያው ሶፍትዌር ብቻ ከሆነና ፈቃዱ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ጋር የሚያልቅ ከሆነ፣ የሁለት ዓመት ልፋታችን ከፕሮጀክቱ መዝጊያ ሪፖርት ጋር ፋይል ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ትምህርት ተዘጋጀ» ይላል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ልጅ ግን አይከፍተውም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የትምህርት ገጾችን በኢኤክስኢ-ለርኒንግ፣ መልመጃዎችን በኤችፋይቭፒ እናዘጋጅ፤ ለተማሪው በኮሊብሪ እናድርስ። ከሁሉም በፊት ግን የእያንዳንዱ ትምህርት ጽሑፍ፣ ጥያቄና መልስ በተራ የዩኒኮድ ፋይል፣ ሥዕሎቹም ለብቻቸው፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጡ። የድሮዎቹን ትምህርቶች ሁሉ ለማዳን አንሩጥ። ብዙ ተማሪ የሚጠቀምበትን መጀመሪያ እንለውጥ፣ የሚሻሻለውን እንደ አዲስ እንጻፍ፣ ጊዜ ያለፈበትን እንተወው። ለእያንዳንዱ መሣሪያም ቢያንስ ሦስት መምህራን ይሠልጥኑ፤ ከሦስቱ አንዷ መምህርት ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ቤት ለቤት የሚያስጠኑት በብዛት እነሱ ናቸውና።

ኢኤክስኢም ሆነ ኤችፋይቭፒ አንድ ቀን ማለፋቸው አይቀርም። ከፕላቶ እስከ ፍላሽ ያየነው ይህንኑ ነው። ያን ቀን የሚተካን መምህር ማኅደሩን ሲከፍት የሚነበብ ጽሑፍ ካገኘ ሥራውን ከባዶ አይጀምርም። አስተያየታችሁን፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ለአዘጋጁ ላኩልን።

ሰላም ሰንብቱ።