ግልገል ግቤና ባላገሩ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በግቤ አገር ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የተባሉ አምስት መንግሥታት እንደ ነበሩ ይታወቃል። በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ የሲራራ ነጋዴም ውሃው እስኪጎድል ድረስ ይቸገር ነበር።

ያ ሙላት በኋላ ዘመን እንደ ሀብት ተቈጠረ። ከጅማ በስተሰሜን ምሥራቅ በግልገል ግቤ ላይ ሥራው በ1978 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያኖራል፤ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅምም አለው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ ከመጀመሪያው የወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ፣ በፎፋ ተራራ ሥር አሳልፎ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል፤ አቅሙም 420 ሜጋዋት ነው። አንዱ ውሃ ሁለት ጊዜ ያገለግላል ማለት ነው። ዋሻው ግን በተመረቀ በጥቂት ቀን ውስጥ በከፊል ተንዶ ሥራው ለወራት ተቋርጦ ነበር።

ኃይሉ በሽቦ ወደ ሩቅ ከተሞች ይሄዳል፤ ጉዳቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሐይቁ ሲሞላ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ባላገር ቀዬውን ለቋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣ ጥናትም በሐይቁ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ በርክቶ መገኘቱን አመልክቷል። በላይኛው አገር ዛፍ በተመነጠረ ቍጥር ደግሞ አፈሩ ታጥቦ ይወርዳል፤ የውሃውም ጎተራ በደለል ይሞላል። ስለዚህ ለቡናው ጥላ የሚሆነውን ዛፍ የሚጠብቅ ገበሬ ሐይቁንም ይጠብቃል።

የመሐንዲሱ ሥራ በመዝገብ ተጽፎ ይኖራል። በውሃ የተዋጡት መንደሮች ስምና ወሰን ግን ከሽማግሌዎች አፍ በጊዜው ካልተሰበሰበ ይጠፋል፤ ይህም የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ድርሻ ነው።