የሐዲድ ዳር ከተሞች፣ ልጆቻቸውና መምህሮቻቸው

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ በስምጥ ሸለቆው መስመር ያሉት ጣቢያዎች ከተማ መሆን ጀምረው ነበር። አዳማና ሞጆ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌላም አገር እንጀራ ፈላጊው ጎረፈ። ብዙዎቻችን የእነዚያ መጪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። የወረስነው ከተማ ገበያውና መንገዱ የደመቀ፣ አያትና አጎት ግን የራቁበት ከተማ ነው።

በአገሩ ያደገ ልጅ ብዙ ዓይን ነበረው። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓት ልጁ ከእኩዮቹ ጋር፣ በየስምንት ዓመቱ እርከን እየተሻገረ ያድጋል፤ በየደረጃው የሚጠበቅበትም የሚጠብቀውም ይታወቃል። በሌላውም ቤት የክርስትና አባቱ፣ የኔታው ወይም ሼኹ፣ የእናቱ የቡና ጎረቤቶች የልጁን ፊት መጥቆር ከወላጁ ቀድመው ያዩ ነበር። ይህን ስል ድሮን ለማወደስ አይደለም፤ ልጅ ራሱን ለማጥፋት ሲያስብ የሚያስተውለው ዓይን ስለሚያስፈልግ ነው። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት መከልከል፣ የቤተሰቡን ሐዘን በሹክሹክታ መሸፈን፣ ስለ ጉዳዩ ማንም እንዳይናገር ማድረግ የመጣውም ከዚያው ከድሮው ነው። ከውርሳችን ዓይኑን ጣልነው፤ ዝምታውን ግን አጥብቀን ይዘናል።

የዘመድን ቦታ ሳይነገረው የተረከበው ትምህርት ቤት ነው። የአዳማ ጎረምሳ ከወላጁ ይልቅ ከክፍል ኃላፊ መምህሩና ከዩኒት መሪው ጋር ብዙ ሰዓት ይውላል። ትምህርት ቤቱ ግን የታነጸው ለማስተማር፣ ለመፈተንና ለመቅጣት ነው። ድንገት መቅረት ያበዛ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል፤ ለምን እንደቀረ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ተማሪ ሕይወቱን ለማጥፋት ማሰቡ አዲስ ችግር አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 14 ያህሉ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደሚያውቁ መናገራቸውን መዝግቧል። ያን ጊዜ የተጠየቁት ዛሬ ወላጆች ናቸው።

አገራችን ከእንዲህ ያለ ጉድለት የምትወጣበት የታወቀ መንገድ አላት፤ ሥራውን በቅርብ ላለው ሰው ማስተማር። የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር፤ ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሥነ አእምሮ ነርሶች እዚያው መሠልጠን ጀመሩና ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተሰማሩ። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። ነርሶቹ ሐኪሙን ቢጠብቁ ኖሮ ስንት ሰው ያለ ረዳት በቀረ! አሁን ራሱን ለማጥፋት ያሰበውን ልጅ አይቶ የመድረስ ተራው የመምህሩ ነው።

ሆኖም ከሌላው ዓለም የመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2007 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በአሥር የአውሮፓ አገሮች 11,110 ተማሪዎችን ተከታትሏል። መምህራንና ሠራተኞች ራስን የማጥፋት አደጋ ምልክቶችን እንዲያውቁ ማሠልጠን ብቻውን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ለውጡ የታየው ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለ ጭንቀትና ስለ ችግር አፈታት በተወያዩበትና በተለማመዱበት ዘዴ ነው። ይህ መምህሩን አያስቀርም። ሥልጠና ማለት የአንድ ቀን ስብሰባና የምስክር ወረቀት ነው የሚሉትን ግን ሊያስደነግጥ ይገባል። በገዳውም ሥርዓት ልጁን ያቆመው የአንድ ሽማግሌ ንቃት አልነበረም፤ እኩዮቹ ነበሩ።

እንግዲህ የአዳማ፣ የባቱ፣ የሻሸመኔ መምህር ምን ይማር? ተማሪውን ለብቻው ወስዶ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅን ይማር። መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም፤ የታፈነውን ያስተነፍሳል እንጂ። ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል አለመግባትን፣ ልጁን ብቻውን አለመተውን ይማር። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሳሳውንና የረዳውን መሆኑን ይወቅ፤ ሞክሮ የተረፈ ልጅ ከፖሊስ የሚሸሸግበት ምክንያት የለም። ደግሞ ሥልጠናው በመምህራን ክፍል አይቅር። አርፍዶ የሚመጣውን የሚያውቀው በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ነው፤ ተደብቃ የምታለቅሰውን የምታገኘው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

መምህሩ ይበልጥ መንቃት ያለበት ጊዜም ይታወቃል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት አይመጣም። ቢሆንም በዚያ ሳምንት በየቤቱ የተዘጋው በር ስንት ነበር? ውጤት በሚለቀቅበት ቀን ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ መምህር በቦታው ቢገኝ፣ ወጪው ጥቂት ነው።

የሚቀረው ከጥያቄው በኋላ ያለው እርምጃ ነው። ዓርብ ከሰዓት «አዎ፣ አስቤያለሁ» ያለች ልጅ ፊቱ የቆመችበት መምህር ወደ ማን ይደውል? የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ሆስፒታሉ መስከረም ሳይጠባ ተቀምጠው ለየትምህርት ቤቱ አንድ ተቀባይ ባለሙያ በስም ይመድቡ፤ ስልኩም በዘበኛው ክፍል ግድግዳ ጭምር ይለጠፍ።